የማይግሬን መርፌ፦ ሌላ ሕመም ላለበት ሰው ይሆናል?

ራስ ምታት ሲጠና ብዙዎቻችን መርፌ እንፈልጋለን። "ክኒኑ አልያዘልኝም፣ መርፌ ይሰጠኝ" የሚለው ጥያቄ በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ የተለመደ ነው። አሁን ደግሞ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይደውልና "እዚህ ለማይግሬን በወር አንዴ የሚወጉት መርፌ አለ፣ ልላክልሽ?" ይላል። ወሩን በጨለማ ክፍል ተኝቶ ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

ነገር ግን "መርፌ" የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንዱ መርፌ ለጎረቤትዎ እፎይታ ሆኖ ለእርስዎ አደጋ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማይግሬኑ ራሱ ሳይሆን አብሮት ያለው ነገር ነው፤ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ አስም፣ ስኳር፣ ጨጓራ ወይም እርግዝና። ይህ ጽሑፍ እነዚህን እንዴት ከሐኪምዎ ጋር መመዘን እንደሚችሉ ያስረዳል።

በእርግጥ ሥር የሰደደ ማይግሬን ነው?

ማይግሬን በአገራችን የተስፋፋ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂ ኢትዮጵያውያን 18 ያህሉ በዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደሚያማቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ ግን የሚታመሙት አልፎ አልፎ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ የምናነሳቸው የመከላከያ መርፌዎች አያስፈልጓቸውም። "ሥር የሰደደ ማይግሬን" የሚባለው ራስ ምታቱ ከ3 ወር በላይ በየወሩ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲመጣ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 8ቱ ቀን የማይግሬን ጠባይ ሲኖረው ነው። የማይግሬን ጠባይ ማለት በአንድ ወገን የሚመታ፣ የሚወቅር፣ ሥራ የሚያስፈታ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርሃንና ድምፅ መጥላት ያለበት ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ ድንገት የመጣ ራስ ምታት "ምች ነው" ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ምች ያልፋል፤ በየወሩ 15 ቀን የሚመላለስ ሕመም ግን ምች አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚጣራ አንድ ነገር አለ። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ወይም ካፌርጎት፣ ትራማዶል አልያም ሱማትሪፕታን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ማምጣት ይጀምራል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ማስታገሻ ብዙ ሰው ወደዚህ አዙሪት ይከታል። እንዲህ ከሆነ ሌላ መርፌ ከመፈለግ በፊት ማስታገሻውን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መቀነስ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ቤተሰብ ይህን አውቆ ቢያግዝ ጥሩ ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ደግሞ ጉዳዩ የማይግሬን ላይሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦ በሕይወትዎ አይተውት የማያውቁት በቅጽበት የፈነዳ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ የንግግር መኮላተፍ፣ የሚጥል ነገር፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት፣ ኤች.አይ.ቪ. ባለበት ሰው ላይ የመጣ አዲስ ራስ ምታት፣ ከ5ኛ ወር በኋላ ነፍሰ ጡር ላይ የመጣ ከባድ ራስ ምታት።

አራቱ መርፌዎች

የመጀመሪያው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ በክሊኒክ ዳሌ ላይ የሚወጋው ዲክሎፌናክ። ይህ የዕለቱን ሕመም ያስታግሳል እንጂ ማይግሬንን አይከላከልም። መርፌ ስለሆነም ከክኒን የተለየ መድኃኒት አይደለም፤ ያው ዲክሎፌናክ ነው። የሚያስመልሰው ሰው ክኒን ሆዱ ስለማይቀበል ሊጠቅመው ይችላል። በየሳምንቱ መወጋት ግን ለኩላሊትም ለጨጓራም አይበጅም።

ሁለተኛው ከማጅራት በላይ፣ በራስ ቅል ኋላ በኩል ባለ ነርቭ ዙሪያ የሚሰጥ የማደንዘዣ መርፌ ነው። ሊዶካይን ይወጋል፤ አንዳንዴ ስቴሮይድ ይጨመርበታል። እፎይታው ከቀናት እስከ ሳምንታት ይቆያል። ለሥር የሰደደ ማይግሬን ያለው ማስረጃ መጠነኛ ነው፤ አንዳንዱን በጣም ይረዳል፣ አንዳንዱን ምንም አይል። መልካም ጎኑ ሊዶካይን ርካሽና በየሆስፒታሉ ያለ መድኃኒት መሆኑ ነው። የሚጎድለው የሠለጠነ እጅ ነው። በእኔ አስተያየት ስለ ውድ መርፌ ከመጨነቅ በፊት ሐኪምን ሊጠይቁት የሚገባው ይህ ነው።

ሦስተኛው ቦቱሊነም ቶክሲን፣ በተለምዶ ቦቶክስ የሚባለው ነው። ለሥር የሰደደ ማይግሬን በአሜሪካና በእንግሊዝ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በግንባር፣ በጆሮ ግንድ፣ በራስ ኋላ፣ በአንገትና በትከሻ ላይ በ31 ነጥቦች በቀጭን መርፌ ይሰጣል፤ በአጠቃላይ 155 ዩኒት። በየ12 ሳምንቱ ይደገማል፤ ልክ እንደ እርግዝና መከላከያው የ3 ወር መርፌ ቀጠሮ ማለት ነው። ምን ያህል ይረዳል? ፈቃዱ በተመሠረተባቸው ትላልቅ ጥናቶች መድኃኒቱን የተወጉት ሰዎች ከ6 ወር በኋላ የራስ ምታት ቀናቸው በወር በ8.4 ቀን ቀነሰ። ባዶ ውኃ የተወጉት ደግሞ በ6.6 ቀን። ስለዚህ ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም በዝና የሚነገረውን ያህል አይደለም።

አራተኛው አዲሱ ነው፤ ዘመድ በስልክ የሚያወራልዎት ይህ ነው። በማይግሬን ጊዜ ነርቮች ሲ.ጂ.አር.ፒ. የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ እነዚህ መርፌዎች እሱን ወይም መቀበያውን የሚያግዱ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። የመጀመሪያው ኤሬኑማብ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቀደ፤ ፍሬማኔዙማብና ጋልካኔዙማብ በዚያው ዓመት ተከተሉ። ከቆዳ ሥር፣ ሆድ ወይም ጭን ላይ፣ በወር አንዴ ይወጋሉ፤ ፍሬማኔዙማብን በ3 ወር አንዴ መውሰድም ይቻላል። በአንድ ትልቅ ጥናት ኤሬኑማብ ከወሰዱት ሥር የሰደደ ማይግሬን ታማሚዎች ከ100ው 40 ያህሉ የማይግሬን ቀናቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰላቸው፤ ባዶ መርፌ ከወሰዱት ግን 23ቱ ብቻ። ዋጋው ከባድ ነው፤ ገበያ ላይ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የዓመቱ ሒሳብ 6,900 ዶላር ነበር።

ሌላው ሕመም ሲመዘን

የተለመደው አካሄድ በክኒን መጀመር ነው። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ለብዙ አሥርት ዓመታት የታወቁ፣ በአገራችንም ያሉ መከላከያዎች ናቸው። በየቀኑ ተወስደው ውጤታቸው የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። "ሞክሬው አልሠራም" ከሚሉት ብዙዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ያቋረጡ ናቸው።

ደም ግፊት ካለብዎ ነገሩ ወደ ክኒኑ ያደላል፤ ፕሮፕራኖሎል ወይም ካንደሳርታን ግፊቱንም ማይግሬኑንም አብሮ ይይዛል። በአንጻሩ የዲክሎፌናክ መርፌ ግፊት ይጨምራል። ኤሬኑማብም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ ስለታወቀ ከጀመሩት በኋላ በየጊዜው መለካት ግድ ነው። ደባርቅና በየዳ ሆኖ መርፌውን የሚወጋ ሰው ግፊቱን የሚለካለት ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊኖረው ይገባል።

አስም ካለብዎ ፕሮፕራኖሎል አይሆንዎትም፤ የመተንፈሻ ቧንቧን ያጠባል። እዚህ ላይ መርፌዎቹ ይሻላሉ፤ ቦቶክስም ሆነ ፀረ እንግዳ አካላቱ አስምን አያስነሱም። ዲክሎፌናክ ግን አስፒሪን የሚያስነሳበትን ዓይነት አስም ሊያባብስ ይችላል።

ልብ ላይ ቆም እንበል። በእኛ አካባቢ በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የመጣ የልብ በር ችግር፣ ማለትም ሩማቲክ የልብ በሽታ፣ ገና ወጣት የሆኑ ብዙ ሰዎች አለባቸው። እንበልና የ30 ዓመት እናት ናት፤ ከደባርቅ ጎንደር እየወረደች በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ትከታተላለች፤ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ በወር 18 ቀን ራሷን ያማታል። ክሊኒክ ገብታ ዲክሎፌናክ ብትወጋ ዋርፋሪኑ ጋር ተደርቦ ጨጓራዋ ሊደማ ይችላል፤ ጡንቻ ላይ መወጋቱም ራሱ ትልቅ የደም ቋት ሊያመጣ ይችላል። ሱማትሪፕታንና ካፌርጎት የደም ቧንቧ ስለሚያጠቡ የልብ ሐኪሟ ሳያውቅ አይሰጧትም። አሚትሪፕቲሊን የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል አስቀድሞ ኢ.ሲ.ጂ. ይታያል። ፕሮፕራኖሎል እንደ ልቧ ሁኔታ ሊጠቅማትም ሊጎዳትም ይችላል። ቦቶክስ ይቻላል፤ መርፌው ቀጭን ስለሆነ የደም መርጋት መለኪያዋ በልኩ ካለና ሐኪሙ ካወቀ የሚያሰጋው ትንሽ መበለዝ ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱ ከዋርፋሪን ጋር አይጋጩም፤ ነገር ግን በቅርብ ጊዜ የልብ ድካም ጥቃት ወይም ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች በጥናቶቹ አልተካተቱም። ሲ.ጂ.አር.ፒ. የደም ቧንቧ የሚያሰፋ፣ ልብና አንጎል ደም ሲያጥራቸው የሚያግዝ ንጥረ ነገር ስለሆነ እነሱ ላይ ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። እንግዲህ ለእሷ "ማስታገሻ መርፌ" ከሁሉ የከፋው ምርጫ፣ የሚፈራው ቦቶክስ ደግሞ ከቀላሎቹ አንዱ ሆኖ ይገኛል።

ልብ የሚነካ ሌላም ነገር አለ። ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ክኒኑ አለቀ ብሎ በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ ልቡ ላይ አደጋ ያመጣል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ክረምቱ ሲጠና ጎንደር መውረድ ለማይችል ሰው የሁለት ወር ክኒን አስቀድሞ መያዝ ይበጃል። የቦቶክስ ቀጠሮ ቢያልፍ ግን ራስ ምታቱ ይመለስ ይሆናል እንጂ ሌላ አደጋ የለውም።

ስኳር ያለባቸው ሰዎች ለነርቭ ማደንዘዣ ሲሄዱ ስቴሮይድ ይጨመር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለቀናት የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ሊዶካይን ብቻውን ግን ስኳር አይነካም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ፕሮፕራኖሎል የስኳር መውረድን ምልክት፣ የልብ ምት መጨመሩንና መንቀጥቀጡን፣ ይደብቃል። አሚትሪፕቲሊን ክብደት ይጨምራል።

ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው ከዲክሎፌናክ ይራቁ። የሆድ ድርቀት የሚያስቸግራቸው ደግሞ ኤሬኑማብ ላይ ይጠንቀቁ፤ ሆስፒታል እስከመግባት የደረሰ ድርቀት ታይቷል። አሚትሪፕቲሊን፣ ትራማዶልና የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ድርቀቱ ይደራረብበታል።

ኤች.አይ.ቪ. ወይም የቲቢ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የቲቢው ሪፋምፒሲን የፕሮፕራኖሎልንና የአሚትሪፕቲሊንን ኃይል ይቀንሳል። ሪቶናቪር ያለበት የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ላይ ካሉ ካፌርጎት በፍጹም አይውሰዱ፤ አንድ ሁለት ክኒን እንኳ የእጅና የእግር ደም ቧንቧን ጭምድድ አድርጎ ጣት እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ካፌርጎት ውስጥ ያለው ኤርጎታሚን መነሻው በእህል ራስ ላይ የሚበቅል ፈንገስ ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ በገብስ ማሳ ውስጥ የበቀለ የዱር ሲናር በዚሁ ፈንገስ ተበክሎ፣ የበሉት ሰዎች እግራቸው እየጠቆረ የሞቱበት ወረርሽኝ ነበር። ፀረ እንግዳ አካላቱ ግን በጉበት በኩል ስለማያልፉ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር አይጋጩም፤ ይህ ትልቅ ጥቅማቸው ነው።

ቦቶክስን የሚከለክሉ ሕመሞች ጥቂት ቢሆኑም ከባድ ናቸው። ጡንቻ የሚያዝል የነርቭና የጡንቻ ሕመም፣ በተለይ ማያስቴኒያ ግራቪስ፣ ያለበት ሰው መዋጥና መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ዐይንዎ ቆብ ማታ ማታ የሚወድቅ፣ ሲበሉ መንጋጋዎ የሚደክም ከሆነ ሳይናገሩ አይወጉ። በመርፌው ሰሞን ጀንታማይሲን ወይም አሚካሲን የሚሰጥዎ ከሆነም ይንገሩ፤ ያጠናክረዋል። ለሌላው ሰው የተለመደው ጉዳት የአንገት ሕመም፣ አልፎ አልፎም ለሳምንታት የሚቆይ የዐይን ቆብ መውረድ ነው። ጭነት በጀርባ ወይም በራስ የሚሸከም ሰው አንገቱ ሊዝል እንደሚችል አውቆ ይግባበት፤ ይህን ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

ለመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች

ማይግሬን ከወንድ ይልቅ ሴትን ይበዛል፣ ያውም በመውለጃ ዕድሜ። ሶዲየም ቫልፕሮዬት፣ ቶፒራሜትና ካንደሳርታን ጽንስን ይጎዳሉ። የሚጥል በሽታም ማይግሬንም ላለባት ሴት ቶፒራሜት ሁለቱን ሲይዝ ፈታኝ ይሆናል፤ አስተማማኝ መከላከያ ሳይኖር አይጀመርም፣ በከፍተኛ መጠን ደግሞ የመከላከያ ክኒንን ያዳክማል። ፀረ እንግዳ አካላቱ ከደም ውስጥ ለመውጣት ወራት ስለሚፈጅባቸው ለማርገዝ ካሰቡ 5 ወይም 6 ወር አስቀድመው ያቁሙ። ቦቶክስም በእርግዝና አይመከርም። በእርግዝና ወቅት የሊዶካይን ነርቭ ማደንዘዣ ከሚቻሉት ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች ደግሞ ከ3ኛ ወር በኋላ ማይግሬናቸው ራሱ ይቀላል።

ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ዐይንዎ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር የሚታይዎ ከሆነ ኤስትሮጅን ያለበትን የመከላከያ ክኒን አይውሰዱ፤ የስትሮክ አደጋን ይጨምራል። የ3 ወር መርፌውና በክንድ የሚቀበረው ኤስትሮጅን የላቸውም።

ከውጭ ስለሚላክ መርፌ

ቦቶክስም ሆነ ፀረ እንግዳ አካላቱ ጤና ጣቢያ ላይ የሚገኙ አይደሉም፤ ስለዚህ በሻንጣ የሚመጡ አሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለባቸው። አብዛኞቹ ፀረ እንግዳ አካላት ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚቆዩት 7 ቀን ያህል ነው። ከአውሮፕላን ወርዶ አዲስ አበባ ሁለት ቀን፣ ጎንደር ሦስት ቀን፣ ከዚያ መቶ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ደባርቅ ሲደርስ ጊዜው አልቆ ሊሆን ይችላል። የደጋው ብርድ ይጠብቀዋል ብሎ ውጭ ማሳደርም አይሆንም፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። መብራት የሚጠፋበት ቤት ፍሪጅ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሆነውን እርስዎ ያውቁታል።

ቦቶክስ ደግሞ በሻንጣ የሚመጣ ነገር መሆን የለበትም። የአንዱ ፋብሪካ ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም፤ ሐሰተኛ ምርትም በዓለም ገበያ አለ፤ 31ዱን ነጥብ የማያውቅ ሰው ከወጋው ደግሞ ዐይን ይወድቃል፣ አንገት ይዝላል። ዘመድዎ ለመርዳት ከፈለገ የአንድ ወር መርፌ ከመላክ ይልቅ ለዓመት የሚቀጥል መሆኑን አስቡበት፤ ሁለት ወር ወስዶ መቋረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሐኪም ጋር ሲሄዱ

አንድ ደብተር ይያዙና ለአንድ ወር በየቀኑ ይጻፉ፦ አመመኝ ወይስ አላመመኝም፣ ምን ዋጥኩ፣ የወር አበባ ነበር ወይ። መጻፍ ለማይችል እናት ልጅ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ቢያደርግላት ይበቃል። ጾም ሲሆንም ይመዝገብ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋልና የጠዋት ቡና መቅረቱ ማይግሬን ያስነሳል፤ ከጾሙ በፊት ባለው ሳምንት ቡናውን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ይረዳል። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ለሐኪሙ ሳይሸሽጉ ይንገሩ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጡ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከነባዶ ቀፎው፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። የክትትል ካርድዎንም። የማይግሬን ሐኪሙ የልብ ካርድዎን፣ የኤች.አይ.ቪ. ክትትልዎን ወይም የቲቢ መዝገብዎን በራሱ ላያየው ይችላል፤ የሚያገናኙት እርስዎ ነዎት።

መርፌ ከተጀመረም ማቆሚያው አስቀድሞ ይወሰን። ቦቶክስ ከሁለት ዙር በኋላ የራስ ምታት ቀናትዎን ቢያንስ በሲሶ ካልቀነሰ ይቆማል። ፀረ እንግዳ አካላቱም 3 ወር ይሞከራሉ። ከመርፌው በፊት የተጻፈው ደብተር ከሌለ ግን ቀነሰ አልቀነሰ የሚለው በግምት ይቀራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን መርፌ ከመወጋትዎ በፊት ያለው ወር ይጻፍ።